የአባቷ ጉልበት

ቴፒ ሳይንስ ሳስተምር ነው። ልጆቹ ምን እንደገባቸው ልይ ብዬ፣ «ወረቀቱ መሃል ‹ጉልበት› ብላችሁ ጻፉና የምታውቁትን ሁሉ በመስመር አያይዙበት» አልኳቸው። ፀሐይ፣ ነዳጅ፣ መብራት ስጠብቅ፣ አማርኛን እዚያው ትምህርት ቤት የለመደች አንዲት የሸኮ ልጅ የታጠፈ እግር ስላ አመጣችልኝ። ከጉልበቱ አንዱ መስመር ወደ ምግብ፣ ሌላው ወደ ቡና ጆንያ ይሄዳል። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአባቴ ጉልበት ነው ቲቸር። ሲበላ ይመጣል፣ ጆንያ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ያልቃል።»

«አልቆ የት ይገባል?» አልኳት፣ ላፋጥጣት ብዬ።

«ጆንያው ውስጥ ነዋ! ዳገቱ ላይ ቢለቀቅ ብቻውን ተንከባሎ ይወርድ የለ?»

‹ጉልበት አይጠፋም፣ ይለወጣል› እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ። የት እንደሚገባ የነገረችኝ እሷ ናት።