ያልታረቁትን መጠበቅ

ሽማግሌው ራህመቶ ናዝሬት መናኸሪያ ቆመው ወደ ቤታቸው የሚመለሱበትን የደራ መኪና ሲጠብቁ፣ የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ሣራ ድንገት አገኘቻቸው። ሣራ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት።

«አካም ቡልተን፣ ጋሼ ራህመቶ? ምነው ፊትዎ ከፋ?»

«እንዴት አይክፋኝ ልጄ! ከወለንጪቲ በታች ሁለት መንደሮች በከብት ማጠጫ ተጋደሉ። ከሁለቱም ስለማልዛመድ ሦስት ወር መካከላቸው እንድቀመጥ ለመኑኝ፤ ሽማግሌው እያለ ጦር አናነሳም ብለውም ማሉ። ቀኑ ዛሬ ሞላ፣ እርቅ ግን የለም። ጥያቸው መጣሁ።»

እውነቱን ለመናገር ራህመቶ አፍረው ነበር። በሽምግልና ዘመናቸው የእርቅ ሙክት ሳይታረድ ተመልሰው አያውቁም፤ ካላስታረቁ ምንም የሠሩ አይመስላቸውም። ደግ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ነው።

በዚህ መካከል የሻይ ቤቱ ራዲዮ፣ ደቡብ ሊባኖስ የሰፈረው የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር የቆይታ ጊዜው መራዘሙን ተናገረ። ራህመቶ ሳቁ።

«ስሚማ! ጦርነቱን ላላቆመ ጦር ጊዜ ይጨመርለታል! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»

«ሁሉን አላቆሙም፤ እውነትዎን ነው» አለች ሣራ በትሕትና። «ግን ጋሼ፣ ከፊጂ፣ ከኔፓል፣ ከጋና መጥተው ለማያውቁት ሰው ይሞታሉ። እነሱ በቆሙበት ገበሬው የወይራ ፍሬውን ይለቅማል። ይህ ቀላል ነው? ለመሆኑ በእርስዎ ሦስት ወር ስንት ሰው ሞተ?»

«ኧረ ማንም።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«በአንድ ወር አራት።»

«ከብቱስ?»

«በፈረቃ ይጠጣል፤ ጧት የአንዱ፣ ከሰዓት የሌላው። ሴቶቹማ እንስራ መሸካከም ጀምረዋል።»

«ታዲያ እርቅ ከዚህ ሌላ ከየት ይመጣል? ቁስሉ ሳይደርቅ ፋሻውን ፈቱት እኮ! ዛሬ ሁለቱም ከብታቸውን ባንዴ ቢነዱ፣ ማን መካከላቸው ይቆማል?»

ራህመቶ ደነገጡ። የደራ መኪና መጥቶ ሲጣራ ዞር ብለውም አላዩት።

«ለቤቴ ንገሪልኝ» አሉ። «ሦስት ወር ጨመረ በያቸው።» ወዲያው የወለንጪቲውን ተሳፈሩ።

ከብት ማጠጫው ወንዝ ዳር ሲደርሱ ከብቱ በውሃ ጥም ያገሳል፤ ጦር የያዙ ወንዶች በሁለቱም በኩል ቆመዋል፤ ደግነቱ ማንም አልወረደም። ወንድሙ የተገደለበት ነጋሳ ወደ እርሳቸው ሮጠ።

«አባቴ፣ የት ጠፉ? ፈረቃውን የሚያዝ ጠፍቶ፣ ማን ይጀምር ብለን ቸግሮን ቆመናል!»

ሦስት ወሩ ደጋግሞ ተራዘመ፤ እርቁ የመጣው ከሰባት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ከብቱ ጠጣ፣ ልጆች ተወለዱ፣ በሁለቱም መንደር አንድም ሰው በጦር ሞቶ አልተቀበረም።