ቦስኒያዊቷን ለቅሶ መድረስ

በኮልፋክስ ጎዳና ወደ ኦሮራ ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡት አንዲት እናትና ወጣት ጎረቤታቸው ናቸው።

«እትዬ በላይነሽ፣ ልጅዎ የነገረችኝ እውነት ነው? ፊልም ፌስቲቫሉ ላይ ተዋናይዋን ለቅሶ ደረሷት?»

«የቦስኒያዋን? አዎ። ልጇ በጦርነት ሞቶባት!»

«በፊልሙ ነዋ የሞተው!»

«ይሁን። ፊልሙ እንዳለቀ መድረክ ላይ አቁመው ስለ ካሜራ ይጠይቋታል። ሐዘንተኛ እንዲህ ይጠየቃል?»

«ጥያቄና መልስ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«እኔም ተነሣሁና ‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› አልኳት።»

«ማን ተረጎመው?»

«ልጄ ናታ።»

«ምስኪን! በሼም ወንበር ስር ልገባ ነበር ብላኛለች።»

«ፊልም መሆኑን አጥቼው መሰለሽ? እንዲያ የምታለቅስ ሴት የራሷ ሐዘን አላት ብዬ ነው።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ወርዳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ለካ ወንድሟ በጦርነቱ ጠፍቶ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በየአገሩ ፌስቲቫል ይዘዋት ሲዞሩ አንድ ሰው ‹አይዞሽ› አላላትም።»



«ነገም ይታያል?»

«አዎ፣ ንፍሮ ይዤላት እሄዳለሁ።»

«ሲኒማ ቤት ንፍሮ ይዞ መግባት ይቻላል?»

«በቦርሳዬ ነዋ!»

«በሉ እኔም የነገውን ሺፍቴን ካንስል አድርጌ እመጣለሁ። ለቅሶ ለብቻ ይደረሳል እንዴ?»

እኔም ከኋላቸው ሆኜ የለበስኩትን ጃኬት አየሁት፤ ጥቁር ነው።