ከመጽሐፍ ቅዱሱ መሃል የወጣው ወረቀት

በቤተ ክርስቲያናችን «የጸጋ ስጦታችሁን ለዩ» ተብለን ስንማር ሰነበትን። እኔ የማንንም ምክር ሳልጠብቅ ስጦታዬ ፈውስ ነው ብዬ ወሰንኩ። የቀረኝ እጄን የምጭንበት በሽተኛ ነበር። በየእሁዱ ከፊቴ የሚቀመጡ አንዲት እናት ታመዋል ሲባል መጋላ ሰፈር ቤታቸው ሄድኩ፤ ስማቸውን አልነግራችሁም። ተንበርክኬ ገና «ጌታ ሆይ» ስል እጄን ያዙኝ።

«አቦ፣ ጸሎቱ ትንሽ ይቆየን። በሩን ዝጊና ይቺን አንብቢልኝ» ብለው ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው መሃል አንድ ወረቀት አወጡ። የልብ ሐኪም ቀጠሮ ነው፤ ዛሬ፣ ስምንት ሰዓት። ሰባት ሊሆን ነው።

«እማማ፣ ይሄን ለሰው ሳያሳዩ ስንት ቀን ተቀመጡ?»

«ሁለት ሳምንት። በየእሁዱ መጽሐፍ ገልጬ እያያችሁኝ፣ ማንበብ አልችልም ብዬ ለማን ልንገር?»

እኔም ፊደል የለየሁት ልጆች ወልጄ፣ ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ነውና አልሳቅኩም። «ጫማዎን ያድርጉ» አልኳቸው። በባጃጅ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን በሰዓቱ ደረስን። ሐኪሙ መርምሮ መድኃኒታቸውን ቀየረ፤ ቢዘገዩ አደጋ ላይ ይወድቁ እንደነበር ነገረን።

በሚቀጥለው እሁድ መጥተው ከአጠገቤ ተቀመጡ። ምዕራፉ ሲጠራ ገልጬላቸው፣ ጣቴን ከቃሉ ሥር እያስኬድኩ በጆሯቸው አነበብኩላቸው። ሰባኪው ከመድረክ አየን።

«እህቶች፣ ወሬውን እናቁም» አለ።

አላቆምኩም።