ያልተቆረጠው ሽቦ

ሽማግሌው ባውሮ በማለዳ ከኮኮናት ዛፋቸው ጣፋጩን ፈሳሽ ቀድተው፣ ጠርሙሱን በትከሻቸው አንጠልጥለው ሲመለሱ፣ በማኔያባው፣ በደሴቲቱ ታላቅ የመሰብሰቢያ ዳስ ሥር አንዲት ሴት ተንበርክካ አዩ። የወንድማቸው ልጅ አኮያ ናት። በዋና ከተማዋ በታራዋ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምራ በቀደም በመርከብ መመለሷ ነው። ዓይኗ በምሰሶው ላይ በተንጠለጠለው የሽቦ ጥቅል ላይ ነበር። ባውሮ እርምጃቸውን ቀነሱ፤ ያን ጥቅል ማንም እንዳይቆርጠው ያዘዙት እርሳቸው ነበሩና።

«እንደምን አደሩ አባባ።»

«እንደምን አደርሽ ልጄ። በሽተኛው ክሊኒክ ተኝቷል፤ ሐኪሟ እዚህ ተንበርክካለች።»

«ሕመሙ ያለው እዚህ ነው አባባ። ይህ ሽቦ ካልተቆረጠ በሽተኛው አይድንም።»

በሽተኛው የክትባት ማቀዝቀዣ ነው። ባትሪው የሁሉም ሀብት በመሆኑ በዳሱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሽቦው ከዚያ ተነሥቶ ሠላሳ ሜትር ርቆ ወዳለው ክሊኒክ ይሄዳል። ማቀዝቀዣው ይነሣል፣ ጥቂት ያጉረመርማል፣ ይጠፋል። ነርሷ ተረሲያ ደግሞ በማግስቱ እኩለ ቀን «ክትባቱን መቀበል እንችላለን» ወይም «አንችልም» ብላ በሬዲዮ መናገር አለባት። ካልቻሉ በመርከብ የሚመጣው የክትባት ሣጥን ወደ ሌላ ደሴት ያልፋል፤ መርከቢቱም ከአራት ወር በፊት አትመለስም። ባለፈው ዓመት ትክትክ ሦስት ሕፃናት ወስዷል። አንዷ የባውሮ የልጅ ልጅ ነበረች። እናቷ በዚህ ወር ሌላ ሴት ልጅ ወልዳለች።

ባውሮ ሽቦውን ያላስቆረጡት በግትርነት አልነበረም። ሽቦው በሙሉ ዘጠና ሜትር ነው፤ በጥቅሉ ያለው ስልሳው ትርፍ ነው። በደሴቲቱ ቡቡቲ የሚባል ልማድ አለ፦ ዘመድ ከለመነህ እንቢ ማለት ነውር ነው። የዳሱ ትልቅ መብራትና የጋራው የዓሣ መረብ አንድ በአንድ የወጡት በዚሁ መንገድ ነው። ቁራጭ ከተገኘ ለማኝ አይጠፋም፤ ያልተቆረጠን ግን ማን ይለምናል?

ይህን ሁሉ በእርጋታ አስረዷት። በመጨረሻም «ደግሞስ» አሉ፣ «ትናንት በዓይኔ አይቻለሁ። መለኪያሽ ባትሪው ላይ አሥራ ሁለት ተኩል አለ፤ ክሊኒኩ ጋ ባለው ጫፍም ያንኑ አለ። ታዲያ ሽቦው ምን ሰረቀ?»

«ትናንት ማቀዝቀዣው ቆሞ ነበር አባባ። ካልፈሰሰ አይጎድልም። አሁን እየሠራ እንለካው።»

ተረሲያ ማቀዝቀዣውን አስነሣች። ባትሪው ላይ አሥራ ሁለት ተኩል ቮልት፣ ማቀዝቀዣው ጋ ዘጠኝ ተኩል፤ በሽቦው የሚፈሰው አራት አምፔር። አኮያ በዛጎል ስባሪ አሸዋው ላይ ጻፈች። የጠፋው ሦስት ቮልት ነው። ሦስት ለአራት ሲካፈል ዜሮ ነጥብ ሰባ አምስት ኦም፤ ይህ ሽቦው ፍሰቱን የሚቋቋምበት መጠን ነው። ሦስት በአራት ሲባዛ አሥራ ሁለት ዋት፤ ይህ በመንገድ የሚቀረው ኃይል ነው። ባትሪው ሃምሳ ዋት ይሰጣል፣ ሠላሳ ስምንቱ ይደርሳል። ማቀዝቀዣው ደግሞ ከአሥር ቮልት በታች ሲያገኝ እንዳይጎዳ ራሱን ያጠፋል።

ባውሮ ጥቅሉን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «አሥራ ሁለቱ ዋት የት ገባ? ይኸው ቀዝቃዛ ነው።»

አኮያም ጥቅሉን ዳሰሰች። «እውነትዎን ነው። ሙቀቱ በረጅም ሽቦ ላይ ተበትኗል፤ እጅ አይለየውም። ስለዚህ በእጅ አንፍረድ። ከዘጠናው ሜትር ስልሳው እዚህ ጥቅል ውስጥ ነው። ከሦስቱ ቮልት ሁለቱ እዚህ መጥፋት አለባቸው። ሽቦው ከጥቅሉ በሚወጣበት ቦታ አሥር ተኩል ካላነበቡ፣ መቁረጫዬን ባሕር ይጣሉት።»

ቁጥሩን አስቀድማ አሸዋው ላይ ጻፈች። ከዚያ ሁለት መርፌዎች በሽቦው ልባስ ላይ ሰካች፤ መለኪያውን ለእርሳቸው ሰጠች፤ ማቀዝቀዣው እንደገና ተነሣ።

ሽማግሌው አነበቡ። አሸዋውን አዩ። ደግመው አነበቡ። አሥር ተኩል።

«የቆመ ታንኳ ሆዱ ላይ ያበቀለው ሣር አይሰማውም» አሉ በቀስታ። «ሲቀዝፉት ነው የሚከብደው።» ታንኳ ሠሪ ናቸውና ነገሩ የገባቸው በዚህ በኩል ነበር። ግን ሥጋታቸው ገና አልወጣም። «እሺ፣ እንቁረጠው። ስልሳው ሜትር የማን ይሆናል?»

አኮያ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ እናስቀምጠው አለች። ሽማግሌው ሣቁ፤ ቁልፉን የሚለምን አይጠፋም አሉ። ከዚያ የታንኳቸውን ገመድ አሰቡ፤ ቀጭን የኮኮናት ቃጫ ነው፣ ሲደራረብ ግን ማዕበል ይይዛል።

«ልጄ፣ ዘጠናውን ሦስት ቦታ ቆርጠን፣ ሦስቱንም ሠላሳ ሠላሳ ሜትር ጎን ለጎን ብንዘረጋቸውስ?»

አኮያ ወደ አሸዋው ጎንበስ አለች። የአንዱ ሠላሳ ሜትር መቋቋም ሩብ ኦም ነው፤ ሦስቱ ሸክሙን ሲካፈሉ የሩብ ሲሶ። የሚጠፋው አንድ ሦስተኛ ቮልት፣ ከአሥራ ሁለቱ ዋትም አንድ ተኩል እንኳ የማይሞላ።

«ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር አባባ» አለች።

ሽቦውን ከባትሪው ፈታች፤ መቁረጫውንም በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። የመጀመሪያውን የቆረጡት ባውሮ ናቸው። ከቀትር በኋላ መለኪያው ማቀዝቀዣው ጋ አሥራ ሁለት ነጥብ ሁለት አለ፤ ማጉረምረሙም አልተቋረጠም። በማግስቱ ረፋድ ቴርሞሜትሩ አራት ዲግሪ ሲያሳይ፣ ተረሲያ ሬዲዮውን አነሣች።

ያን ሳምንት ባውሮ በዳሱ ተነሥተው ለሽማግሎቹ ተናገሩ። ሽቦ ከመንገዱ አይርዘም አሉ፤ ዕቃም ሲሠራ እንጂ ቆሞ ሳለ አይለካ፤ አንድ ነገር እንቢ ሲለን ረገምነው እንጂ ምን ያህል ጎደለው ብለን አልጠየቅንም። እውቀት ልማዳቸውን አላፈረሰም፤ ይልቁንም የሚፈሩትን ነውር አስቀረላቸው። ከስብሰባው ሲወጡ አንድ ዘመድ ጠጋ ብሎ ከሽቦው የተረፈ ካለ ብሎ ሲለምናቸው፣ «አንድ ክንድ አልተረፈም ወንድሜ፣ ሁሉም ሥራ ላይ ነው» አሉት። እውነት ነበር፤ አላፈሩም።

መርከቢቱ መጣች። ክትባት በተሰጠበት ቀን ሕፃኗ በእናቷ እቅፍ ሆና መርፌው ሲነካት ጩኸቷ ክሊኒኩን ሞላው። እናትየው ልታባብላት ተጣደፈች።

ከደጅ የተቀመጡት ባውሮ ግን «ተያት፣ ታልቅስ» አሉ። «ባለፈው ዓመት ዝም ያለችው ትበቃናለች።»