ጣቱ የማን ነው?

አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አነስተኛ የሴቶች ጤና ቤት፣ ከሰዓት በኋላ፤ ዕፅ በመርፌ የምትወስደው ወጣት ሹሩባ ሠሪ ናርዶስ ደጃፉ ላይ ቆማ ከነርሷ ከሲስተር ብርቄ ጋር ትሟገታለች።

ናርዶስ፦ ንጹሕ መርፌ ይስጡኝ ብዬ መጣሁ እንጂ ደሜን ይቅዱልኝ ብዬ አልመጣሁም፣ ሲስተር።

ሲስተር ብርቄ፦ መርፌውን መቼ ከለከልኩሽ? ይኸው በከረጢት አድርጌልሻለሁ። የኤችአይቪ ምርመራም ከፈለግሽ አለ ነው ያልኩት።

ናርዶስ፦ እምቢ ካልኩስ?

ሲስተር ብርቄ፦ እምቢ ካልሽ መርፌሽን ይዘሽ በሰላም ትሄጃለሽ።

ናርዶስ፦ እንዲሁ? ያለ ስብከት?

ሲስተር ብርቄ፦ ስብከት እሑድ ነው። ዛሬ ማክሰኞ።

ናርዶስ፦ ሰው የሚያስገቡት እንዲህ እያሉ ነው። ሌላ ቦታም "ነይ የኔ እህት" ብለው ካስገቡኝ በኋላ የሆንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ሲስተር ብርቄ፦ ልትነግሪኝ ከፈለግሽ እሰማለሁ። ካልፈለግሽም ግዴታ የለብሽም።

ናርዶስ፦ ባለፈው ዓመት ነው። አተኩሶኝ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሱ እጅጌዬን ገልቦ ክንዴን ሲያይ "ኑ እዩ፣ ይቺ ዕፅ ትወጋለች" ብሎ ሰው ጠራብኝ። ሳይጠይቁኝ ደሜን ሊቀዱ ክንዴ ላይ ላስቲክ አሰሩብኝ። ደም ስሬ ጠፋ። ስወራጭ አንዱ ከኋላ ትከሻዬን ያዘኝ፣ ሌላው በሩን ዘጋው።

ሲስተር ብርቄ፦ ከዚያስ?

ናርዶስ፦ ገፍትሬያቸው ወጣሁ። ላስቲኩ ክንዴ ላይ እንደታሰረ ገበያ መሀል ስሮጥ ሰዉ የሰረቅኩ መስሎት ሊይዘኝ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከዚያ ወዲህ ነጭ ጋውን ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። ሥጋ ሻጩም ጋውን ስለሚለብስ ሥጋ መብላት ትቻለሁ።

ሲስተር ብርቄ፦ ሥጋውንስ እኔንም ቢሆን ኑሮው አስትቶኛል። ጋውኔን ግን እንዳንቺ ለሚፈራ ሰው ብዬ ነው እዚያ ሚስማር ላይ የሰቀልኩት። እዚህ ሳይጠይቅ የሚነካሽ የለም።

ናርዶስ፦ በሩስ?

ሲስተር ብርቄ፦ በሩ ክፍት ይሆናል፤ ይኸው ወንበር አስደገፍኩት። መጋረጃውን ልሳበው ወይስ እሱም ይቅር?

ናርዶስ፦ መጋረጃው ይሁን፣ መንገደኛ እንዳያየኝ። በር ሲዘጋ ነው የማልወደው። ልጅ ሆኜ የእንጀራ አባቴ ነበር የሚዘጋው።

ሲስተር ብርቄ፦ ሰማሁሽ፣ ናርዲዬ።

ናርዶስ፦ ምን አደረገሽ አይሉኝም?

ሲስተር ብርቄ፦ መናገር ስትፈልጊ እኔም አለሁ፤ ከእኔ የበለጠ ማዳመጥ የምታውቅ አማካሪም አለች። ዛሬ ግን የመጣሽው ለመርፌ ነው።

ናርዶስ፦ እሺ፣ ገባሁ። ገባሁ ማለት ግን ተቀመጥኩ ማለት አይደለም።

ሲስተር ብርቄ፦ ቆሞም ይመረመራል።

ናርዶስ፦ ክንዴንም አልሰጥም።

ሲስተር ብርቄ፦ ክንድሽን ማን ፈለገው? ከጣትሽ ጫፍ አንዲት ጠብታ ትበቃለች። ይቺን መውጊያ እዚህ ጋ ስትጫኛት ጠቅ ትላለች። ከፈለግሽ ራስሽ ትወጊዋለሽ።

ናርዶስ፦ ራሴ?

ሲስተር ብርቄ፦ ጣቱ የማን ነው?

ናርዶስ፦ የሚገርምዎት፣ ይህን ያህል ተወግቼ አንድ ቀን ራሴን ወግቼ አላውቅም። የሚወጋኝ ሚኪ ነው፣ ፍቅረኛዬ። መጀመሪያ ለራሱ፣ ከዚያ ለእኔ።

ሲስተር ብርቄ፦ በአንድ መርፌ?

ናርዶስ፦ በአንድ። ታዲያ ለምን የመጣሁ ይመስልዎታል? ያን መርፌ ከእሱ ወደ እኔ ሲያዞረው ዓይኔን እጨፍናለሁ። በሉ ያምጡት፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።

ሲስተር ብርቄ፦ እንቺ። የወደድሽውን ጣት።

ናርዶስ፦ ጠቅ አለ። ይኸው ነው እንዴ? ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ይህንን ነው?

ሲስተር ብርቄ፦ ጠብታዋን እዚህ ላይ። ጎበዝ። አሁን ትንሽ መጠበቅ ነው። ዝም እንበል ወይስ እናውራ?

ናርዶስ፦ እናውራ። ዝም ካልኩ እሮጣለሁ። ሲስተር፣ አይቆጡኝና ይህን ፀጉር ማን ነው የሠራዎት?

ሲስተር ብርቄ፦ እኔው ነኝ፣ በመስታወት።

ናርዶስ፦ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነበር?

ሲስተር ብርቄ፦ እንግዲህ ስድቡ ተጀመረ።

ናርዶስ፦ እኔ ሹሩባ ስሠራ "አመመሽ? ላላ ላድርገው?" ሳልል አልጎትትም። ጭንቅላቱ የባለቤቱ ነው።

ሲስተር ብርቄ፦ እኔና አንቺ ሙያችን አንድ ነው ማለት ነው። ውጤቱ ደርሷል። አብረን እንየው ወይስ እኔ ልንገርሽ?

ናርዶስ፦ እርስዎ ይንገሩኝ። እኔ ጣሪያውን አያለሁ።

ሲስተር ብርቄ፦ ቫይረሱ አልተገኘብሽም።

ናርዶስ፦ ይድገሙልኝ።

ሲስተር ብርቄ፦ አልተገኘብሽም፣ ናርዲ። በቅርብ የገባ ከሆነ ቶሎ ስለማይታይ ከሳምንታት በኋላ ደግመን እናያለን። የዛሬው ግን የምሥራች ነው።

ናርዶስ፦ አሁንስ ልቀመጥ።

ሲስተር ብርቄ፦ ተቀመጪ። ሶፍትም አለ።

ናርዶስ፦ እያለቀስኩ አይደለም፣ ዓይኔ ነው በራሱ የሚፈስሰው። ሚኪስ ግን? የራሴን መርፌ ሳወጣ "ጠረጠርሽኝ" ይለኛል።

ሲስተር ብርቄ፦ ሲናደድ ይመታሻል?

ናርዶስ፦ አንዳንዴ።

ሲስተር ብርቄ፦ እንግዲያው የሚያስመታሽን ምክር አልመክርሽም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። አንዱ ባላ መርፌው ነው፤ ለእሱም ጨምሬልሻለሁ፣ "ለሁለታችንም ሰጡኝ" በይው። ሌላው ባላ ክኒን ነው። በየቀኑ ከዋጥሽው በቫይረሱ የመያዝ ዕድልሽን በጣም ይቀንሰዋል። ለመዋጥ ደግሞ የሚኪ ፈቃድ አያስፈልግም።

ናርዶስ፦ ክኒን ለታመመ ሰው አይደል?

ሲስተር ብርቄ፦ ዣንጥላ የሚዘረጋው ከበሰበሱ በኋላ ነው?

ናርዶስ፦ አፍ አለዎት። ግን ብልቃጡን ቢያገኘውስ?

ሲስተር ብርቄ፦ የማይነካው ዕቃ የለሽም?

ናርዶስ፦ የዶቃ ሣጥኔ። የሹሩባ ዶቃ ለእሱ ጠጠር ነው።

ሲስተር ብርቄ፦ እሱ ጥሩ ነው። ስለ ጤናሽ ጥቂት ጠይቄሽ ዛሬውኑ ትጀምሪያለሽ። ክኒኑ በመርፌ የሚተላለፈውን የጉበት ቫይረስ ስለማይከለክል ግን መርፌውንም አትተዪ። ቤቱ ካስፈራሽ ደግሞ የምታርፊበት ቦታ አለ፤ ባልሽኝ ሰዓት እወስድሻለሁ።

ናርዶስ፦ ተይ ግን አላሉኝም። ዕፁንም፣ ሚኪንም።

ሲስተር ብርቄ፦ ያን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ቀኑ ሲመጣ መንገዱን አሳይሻለሁ። እስከዚያ በጤና ቆዪልኝ።

ናርዶስ፦ ሲስተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፣ እንዳይቀየሙኝ። ብቻዬን አልመጣሁም።

ሲስተር ብርቄ፦ ከማን ጋር መጣሽ?

ናርዶስ፦ ፊት ለፊት ካለው ጎሚስታ ጥግ የቆሙ ሦስት ሴቶች አሉ፣ እንደኔው የሚወጉ። ማን ቀድሞ ይግባ ብለን ዕጣ ብንጣጣል ለእኔ ወጣ። ሮጬ ከወጣሁ አብረውኝ ሊሮጡ ነው የተስማማነው። ጫማቸውን አጥብቀው አስረው እየጠበቁኝ ነው።

ሲስተር ብርቄ፦ እንዳይደክማቸው፤ ምን ልትያቸው ነው?

ናርዶስ፦ ከዚሁ ልጣራ። እናንተ፣ ኑ ግቡ። እዚህስ ሰው አለ።