ዘንዶው ያላሰረው ገመድ

ከጋሽ ተፈራ ጋር የነበረንን ምልልስ ቃል በቃል ላላስታውሰው እችላለሁ። የዘንዶውን ተረት በቪዲዮ ሠርቼ፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ ማርልቦሮ በሚባለው ሰፈር፣ ኮሚዩኒቲያችን በሚከራየው አዳራሽ አሳየሁ። ለዘንዶው የምትሰጠዋን ልጃገረድ በሁለት በሚዋደዱ ወንዶች ተክቻታለሁ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ነጠላ የለበሱ ጎረቤቶች ከዛፍ ጋር ያስሩናል። አዳኝ አይመጣም፤ እርስ በርሳችን እንፈታታለን። ገና ገመዱ ሲጠብቅ፣ በልጅነቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ያስተማሩኝ ጋሽ ተፈራ ተነሱ።

«ኦፍ አድርገው።»

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«የእናንተስ ነገር ይቅር። ሕዝቡን ለምን አሳሪ ታደርገዋለህ? ያሰራት ዘንዶው ነው።»

«እንዲህ ብለው ያወሩልን እኮ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? እንዲመችህ ራስህ ፈጥረህ ነው።»

የፕሮጀክተሩን ሶኬት ነቀሉት። ሰው አጨበጨበ። እናቴን ጨምሮ ስንታሰር እንጂ ስንፈታ ያየ የለም። ዕቃዬን በንዴት ሰብስቤ ወጣሁ። ኦግደን ሰፈር ያለው ቤቴ እስክደርስ ግን ይበልጥ ያናደደኝ «እውነት ፈጥሬው ይሆን?» ብዬ መጠራጠሬ ነው።

በሳምንቱ እናቴ ያኔ ቅዳሜ አማርኛ ስንማር ክፍላችን ውስጥ የቀረጸችውን ቪዲዮ ላከችልኝ። አንዲት ተማሪ የተረቱን ልጃገረድ ማን እንዳሰራት ትጠይቃለች። ጋሽ ተፈራ እየሳቁ ይመልሳሉ፦ «ጎረቤቶቿ ናቸው እንጂ፤ ዘንዶ እጅ አለው እንዴ?»