ባቄላና ሽንብራ

ከሹም አቦ ወደ ዓባይ ማዶ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ መሪጌታና አንዲት የእድር ጎረቤታቸው ተቀምጠው ያወራሉ።

«ትናንት የእድሩ ሊቀመንበር ‹ምርጫው ይቅርና እኔው ልቀጥል› ሲል እጅዎን አነሡ አይደል፣ መሪጌታ?»

«አነሣሁ።»

«ምነው?»

«ድንኳኑን ያሳደሰልን እሱ ነው። ደግሞ ጸሐፊው ያላነሣውን ሰው ስም ይጽፍ ነበር።»

«በማሰሮው ስንመርጥ ማን ያየን ነበር?»

«አይ ማሰሮው! ለወደድነው ባቄላ፣ ላልወደድነው ሽንብራ፣ በአፉ መሸፈኛ ጨርቅ ሥር ጣል አድርገን መመለስ ነበር። ቆጠራው ላይ ስንጨቃጨቅ ይመሽብን ነበር። እኔንም እኮ ከሊቀመንበርነት በሽንብራ አውርዳችሁኛል።»

«ተቀይመውን ነበር?»

«አንድ ሳምንት አኩርፌያለሁ። አሁን ያ ጭቅጭቅ ናፈቀኝ፣ ልጄ። ትናንት እኮ ወንበራችን ሳይሞቅ ነው ስብሰባው ያለቀ።»

«እኔማ አላነሣም ብዬ ነበር የመጣሁ።»

«ታዲያ ለምን አነሣሽ?»

«እርስዎን አይቼ።»

ድልድዩን ስንሻገር መሪጌታ ወደ እሷ ዞር አሉ።

«ማሰሮው አሁን ማን ቤት ነው ያለ?»

«እኔ ቤት። ጤናዳም ተክዬበታለሁ።»

«ጤናዳሙን መሬት ላይ ትከይው። ለሚቀጥለው ስብሰባ ማሰሮውን አጥበሽ ይዘሽልኝ ነይ።»

«ሊቀመንበሩ ቢቆጣስ?»

«ይቆጣ። ባቄላውንም ሽንብራውንም እኔ አመጣለሁ።»

ዓባይ ማዶ ስንደርስ፣ «ወራጅ አለ» ለማለት ያነሣሁትን እጄን ለአፍታ አየሁት።